የጋራዡ ጭብጨባ

ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማሁት ኦሃዮ፣ ኮለምበስ፣ ኢስተን የሚባለው የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ባለቤቴን ስጠብቅ ነው። 2021 ነበር፤ በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ገና ማቆጥቆጥ የጀመሩበት ሰሞን። እሷ የጠበባትን ጫማ ልትመልስ ገብታለች፤ እኔ ሬዲዮ ከፍቻለሁ። በከተማችን ያለ አንድ ትንሽ ጣቢያ ከሰዓት በኋላ አዳዲስ የሮክ ባንዶችን ያሰማል። የሙዚቃው ወዳጅ አይደለሁም። አቅራቢዋን ግን በሙያ ዓይን እወዳታለሁ፤ ማን እንደሠራው፣ የት እንደተሠራ ሳትናገር ምንም ነገር አታሰማም። ያን ቀን ባንዱ የእንግሊዝ ነው አለች። አራት ወጣቶች ናቸው፣ ወረርሽኙ ሲገባ ገና መሰባሰባቸው ነበር፣ አሁን እዚያ አገር ሬዲዮ ከፍቶ እነሱን ሳይሰማ የሚውል የለም።

ዘፈኑ በጭብጨባ ይጀምራል። ከበሮ የለም፣ ጊታር የለም፣ እጆች ብቻ። ሁለቴ ይመታሉ፣ አንዴ ያልፋሉ። እንደገና ሁለቴ ይመታሉ፣ አንዴ ያልፋሉ። ከእጆቹ በአንዱ ላይ ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰማል።

ዕድሜዬን በሙሉ ድምፅ ስቀዳና ስቆርጥ የኖርኩ የዜና ሠራተኛ ነኝ። የሰማሁትን ወዲያው አላምንም። ሆኖም ያ የብረት ድምፅ የባለቤቴ ቀለበት ነበር። ስታጨበጭብ የቀኝ እጇ ጣት የግራዋን ቀለበት ይነካል፤ ወጥ ቤት ውስጥ መዝሙር ስትለማመድ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ።

ጫማውን መልሳ ስትመጣ ዘፈኑን ስልኬ ላይ ፈልጌ አግኝቼው ነበር። ምንም ሳልነግራት «እስቲ ስሚ» አልኳት። ደረሰኙን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ሰማች፤ እጇ መሀል ላይ ቆመ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለች። ቀጥላም «ጊታሩ ግን ምን ቤት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ነገሩ እንዲገባ አንድ ዓመት ወደኋላ መመለስ አለብኝ። ባለቤቴ በአንዲት የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከሴቶች መዘምራን ጋር ታገለግላለች። እኔ ያደግሁት ኦርቶዶክስ ነው፤ እሑድ እሑድ እሷን በር ድረስ አድርሼ የምመለስ ባል ነኝ፣ በዚህ ከተስማማን ቆይተናል። 2020 ላይ አዳራሹ ሲዘጋ መዘምራኑ በኢንተርኔት አብረው ለመዘመር ሞከሩ። አልሆነም። የአንዷ ድምፅ ለሌላዋ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሁሉም ሌላውን ሲጠብቅ መዝሙሩ እየተጎተተ ይሞታል። ባለቤቴና ጓደኞቿ «ቀደምሽኝ»፣ «አንቺ ነሽ የቀደምሽው» ሲባባሉ ከሌላ ክፍል ሆኜ እሰማ ነበር።

መፍትሔውን ያመጣችው የመዘምራኑ መሪ ልጅ ናት። መሪዋ የባለቤቴ የቅርብ ጓደኛ ናት፤ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፣ ብዙ አትናገርም፣ አንድ ጊዜ የተናገረችውን አትመልስም። ልጅቷ የቤተ ክርስቲያኑን ኪቦርድ ስትጫወት ነው ያደገችው። የድምፅ ቅጂ ልትማር እንግሊዝ ሄዳ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ አንድ ሻንጣ ይዛ ከከተማችን ዳር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ወዳለው የወላጆቿ ቤት ተመለሰች። የእሷ ዘዴ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጭብጨባው ብቻ ይቀዳል። ከዚያ እያንዳንዷ ጭብጨባውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች በየቤቷ ትዘምርና ድምፅዋን ትልካለች፤ ልጅቷ ሰብስባ ትገጣጥመዋለች። ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ሁሉም የሚከተለው ጭብጨባውን ነው።

ጭብጨባው የተቀዳው እነሱ ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪኖቹ ወጥተው፣ በሩ ወደ ላይ ተከፍቶ፣ ሴቶቹ ማስክ አድርገው ተራርቀው ቆሙ። መቅጃው የእኔ ነበር። የሥራ መሣሪያዬን ለሰው ስለማላውስ አብሬው ሄድኩ፣ የሣር ማጨጃው አጠገብ ቆሜ ቀዳሁ። የልጅቷ እናት እንደ ልማዷ ሁሉም ካቆሙ በኋላ አንድ ትርፍ መትታ ዘጋችው።

ስለዚህ ከኢስተን እንደተመለስን ሥራዬ ቀላል ነበር። መቅጃዬ ውስጥ የቀረውንና ስልኬ ላይ ያለውን ጎን ለጎን ሰማሁ። ቀለበቱ በሁለቱም ላይ አለ። የመጨረሻዋ ትርፍ ምትም አለች፤ እንዲያውም እንግሊዞቹ ዘፈናቸውን የጨረሱት በእሷ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ ጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ አንዲት ወፍ ትጮኻለች። ወፍ በተለያየ ቀን በተቀዱ ሁለት ድምፆች ላይ በአንድ ቦታ አትጮህም። አንድ ቅጂ ነው።

ስለ ባንዱ የተጻፈውን ሁሉ ፈልጌ አነበብኩ። ስለ ጭብጨባው ያልጻፈ አልነበረም። አንዱ ከድሮ ሸክላ የተወሰደ ነው አለ። ሌላው በኮምፒውተር የተፈበረከ ነው ብሎ ስለ ኮምፒውተሩ ብቃት ረጅም አንቀጽ ጻፈ። ሦስተኛዋ የምሥራቅ አውሮፓ የገበሬዎች ጭፈራ ይሆናል ስትል ገመተች። አንዳቸውም ደውለው አልጠየቁም። ስለ አባላቱ በተጻፈው ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፤ ከአራቱ አንዷ፣ ኪቦርድ ተጫዋቿ፣ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ሆና ነው የምትቀዳው ይላል።

በማግስቱ ወደ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። መኪና መግቢያው ላይ ቆመን አወራን። ገና ምን ሰምቼ እንደመጣሁ ስነግራት «ማሚ ሰምታዋለች?» አለችኝ።

አልሰማችም አልኳት፤ ባለቤቴ ግን ሰምታለች። ባለቤቴ አቋሟን የገለጸችልኝ በዋዜማው ማታ ራት ላይ ነበር፦ ልጅቷ ራሷ ለእናቷ ትንገር፣ እስከ ቅዳሜው ልምምድ ድረስ እሷ አፏን ትይዛለች።

ልጅቷ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ ታሪኩን ነገረችኝ። እንግሊዝ ሳለች ከሦስት ተማሪዎች ጋር አንድ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ አሮጌ ከበሮ ነበር፤ አንዱ መታው፣ ሌላው ጊታር አመጣ፣ ሦስተኛዋ ትዘፍናለች፣ በዚያው ባንድ ሆኑ። ሰው ፊት ሳይጫወቱ አገሩ ተዘጋና ተበታተኑ። እነሱም በኢንተርኔት ሞክረው እንደ መዘምራኑ ተጎተቱ። ያኔ የእናቷን መዘምራን ዘዴ ነገረቻቸው፤ መጀመሪያ ሁላችንም የምንከተለው አንድ ምት እልካለሁ፣ ከዚያ በየቤታችን እንቀዳለን አለቻቸው። ልትልክ ያሰበችው ማሽን የሚመታውን ደረቅ ምት ነበር፤ የሄደው ግን የጋራዡ ጭብጨባ ነው።

«ሁለቱም አንድ ፎልደር ውስጥ ነበሩ። ሴንድ አድርጌ ወጣሁ» አለችኝ። «ስመለስ ከበሮ መቺው ሠርቶ ጨርሷል።»

ከበሮ መቺው የሴቶቹን አመታት አያውቅም። ከየት እንደሚጀመር የሚነግረው ሰው ስላልነበረ ሴቶቹ እጃቸውን የሚያሳርፉበትን ቦታ መጀመሪያው አድርጎ ወሰደው፣ ትልቁን የእግር ከበሮ በየዙሩ እዚያ ላይ ጣለው። ሴቶቹ ሲያርፉ እሱ ይመታል፣ ሴቶቹ ሲመቱ እሱ ያርፋል። በየዙሩ ዘፈኑ ሊወድቅ ይልና ይተርፋል። ልጅቷ ስህተት ነው፣ እንደገና እንሥራው ብላቸው ነበር። ሦስቱም እምቢ አሉ። ያንን ዘፈን አንድ የሬዲዮ ሰው ሰምቶ አሰማው፣ በሳምንቱ ደገመው፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ።

«ጭብጨባው ምን እንደሆነ ነገርሻቸው?»

«የሰፈራችን ሴቶች ናቸው አልኳቸው።»

«የመዝሙር መሆኑንስ?»

«ለእነሱ መዝሙርና ዘፈን ያው ነው፣ ጋሼ። እንዴት ብዬ ኤክስፕሌይን ላድርግ?»

ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ዓለማዊ ዘፈን የሚጫወት ሰው መድረክ ላይ ቆሞ አያገለግልም። ደንቡን መዘምራኑ ላይ የምታስፈጽመው ደግሞ እናቷ ናት። ከዓመታት በፊት ጥሩ ድምፅ የነበራትን አንዲት ወጣት ሠርግ ላይ ዘፈነች ብላ ከአገልግሎት ያሳረፈቻት እሷ ነበረች። ልጅቷ አዳራሹ ከተከፈተ ጀምሮ እሑድ እሑድ ወደ ኪቦርዷ ተመልሳለች። በሳምንቱ መሀል ምድር ቤት ገብታ ለባንዱ ትቀዳለች። እናቷ የትምህርት ቤት ሥራ ይመስላታል።

እስካሁን ቤተ ክርስቲያኑና ባንዱ አልተገናኙም ነበር። አሁን ግን አንድ አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ አልበማቸውን ሊያወጣ ተስማምቶ የእነዚህን እጆች ባለቤቶች ፈቃድ አምጡ ብሏል። ካላመጡ ዘፈኑ ከአልበሙ ይወጣል። ባንዱን ያሳወቀው ዘፈን ያ ነው፤ እሱ ከወጣ አልበሙም መዘግየቱ ወይም መቅረቱ ነው። ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ ለእናቷ መናገር አለባት፤ ከተናገረች ኪቦርዷን ታጣለች፣ ምናልባት ከኪቦርዱም በላይ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። እርስዎን ትሰማለች» አለችኝ።

የኔ ሥራ መጠየቅ እንጂ መልእክት ማድረስ እንዳልሆነ ነገርኳት። ስትነግራት ግን ከፈለገች ቁጭ እላለሁ አልኳት። በእርግጥ ባትጋብዘኝም እመጣ ነበር፤ እናትየዋ ምን እንደምትል ለማወቅ ጓጉቼ ነበር።

ቅዳሜ ሴቶቹ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጅቷ የእናቷን መኪና በር ከፍታ ዘፈኑን በመኪናው ስፒከር ለቀቀችው። ምንም መግቢያ አላደረገችም፤ «ይሄ የእኔ ባንድ ነው፣ ይሄ ደግሞ የእናንተ እጅ ነው» ብቻ አለች።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። የመጣው ግን ክርክር ነው። ሴቶቹ የሰሙት መጀመሪያ ከበሮውን ነበር። አንዷ ከበሮ መቺው ግራ ገብቶታል አለች። ሌላዋ ምስኪን፣ የሚያስይዘው አጥቶ ነው ስትል አዘነችለት። ባለቤቴ እጇን እያነሳች የት ላይ መግባት እንደነበረበት ለጎረቤቷ አሳየች፤ ጎረቤቷ አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው አለች። ለሰውየው የተቆረቆሩለት ስለ ዘፈኑ ዓለማዊነት ከማሰባቸው በፊት ነው።

እናትየዋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ትርፏ ምት መጣችና ዘፈኑ አለቀ።

«ይሄ ለየትኛው መዝሙር የመታነው ነው?» አለች።

ልጅቷ የመዝሙሩን ስም ነገረቻት። ወረርሽኙ በጠናበት ጊዜ ለታመሙት ብለው የዘመሩት ነበር።

«እሱ ተሰጥቷል» አለች እናቷ። «ለማን እንደሰጠነው ታውቂያለሽ። ተሰጥቶ ያለቀ ነገር ደግሞ ለሌላ አይሰጥም። አውጪው።»

«ማሚ፣ እሱ ከወጣ ዘፈን የለም።»

«ሌላ እንመታለን።»

ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ባለቤቴ ቀስ ብላ «ለዘፈን?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለልጄ። ከሃይስኩል ስትመረቅ አላጨበጨብንም?» አለች። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ፊቷን ሳትለውጥ፣ ወደ ልጇ ዞራ ጨመረች፦ «ኪቦርዱ ላይ ግን አትቀመጪም።»

ልጅቷ «ኦኬ» አለች። የመኪናውን በር ዘግታ ወደ ቤት ገባች።

አንዷ ሴት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም ብላ በሰላም ተሰናብታ ሄደች፤ ማንም አልተቀየማትም። የቀሩት በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰው መጡ። መቅጃዬን ይዤ እኔም ነበርኩ። ከበሮ መቺው እንግሊዝ ካለው ቤቱ በቪዲዮ ገብቷል፤ ልጅቷ ስልኩን የቀለም ቆርቆሮ ላይ አቁማዋለች። ጸጉሩ ዓይኑን የሸፈነ፣ ቀጭን፣ እጅግ ጨዋ ልጅ ነው። እያንዳንዷን ሴት ሰላም አለ።

መጀመሪያ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ ዘፈኑን እየሰሙ መቱ። ልምድ ያላቸው ሴቶች ስለሆኑ ወዲያው ከበሮውን አገኙት፣ ተከተሉት፣ አቃኑት። ዘፈኑ መንገዳገዱን አቆመ። በልኩ የተሰፋ ልብስ ሆነ። ልጁ በጣም ቆንጆ ነው አለ፤ ቆንጆ እንዳልሆነ ግን ከቆርቆሮው ላይ እንኳ ፊቱ ይናገር ነበር።

እናትየዋ ማዳመጫውን አስወለቀቻቸው። ያለ ዘፈኑ፣ እንደምታውቁት ምቱ አለች። መቱ። እንደ መጀመሪያው ሆነ። ግን መሀል ላይ አስቆመቻቸው፤ የአንዷ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር።

«እየዘመርሽ ነው» አለቻት።

«በልቤ ነው።»

«በልብም ቢሆን ያው ነው። መዝሙር ከሆነማ የበፊቱን ለምን አስወጣሁት?»

እንግዲህ ያላሰቡት ነገር ተፈጠረ። ልባቸውን ባዶ አድርገው ሲመቱ አንዷ ትፈጥናለች፣ ሌላዋ ትረሳለች። እነዚህ ሴቶች ጭብጨባን ብቻውን መትተውት አያውቁም፤ ሁልጊዜ ከውስጡ የሚሸከመው አንድ ዜማ አለ። መዝሙር ተከልክሏል፤ ዘፈን ራሳቸው ትተዋል። ደጋግመው ሞከሩ፣ ምቱ ተበተነባቸው። ሳቅ ጀመሩ። ልጁ ከእንግሊዝ ምን ተፈጠረ ብሎ ጠየቀ፤ ልጅቷ ተረጎመችለት፤ እሱም ሕፃናት የሚባበሉበት ዜማ አላችሁ ወይ አለ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ሁሉም በአንድ ላይ ወደ እናትየዋ ዞሩ። ኮለምበስ በመጡ ሰሞን መኪና ሳይኖራት ልጇን እያስተኛች ወደ ሥራ የምትሮጥበት ጊዜ ነበር። ያኔ ራሷ የፈጠረችው ማባበያ አለ፤ ልጅቷን በየተራ ይጠብቁላት ስለነበር ሁሉም ያውቁታል። ከባለቤቴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ተኚልኝ፣ አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው የሚል ነው፣ ሌላ ግጥም የለውም። እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረች።

እሱን በልባቸው ይዘው መቱ። ከንፈራቸው የሚንቀሳቀስ ነበሩ፣ የሚከለክላቸው አልነበረም። ባለቤቴ ቀለበቴን ላውልቅ ወይ ብላ ስትጠይቅ ልጁ እባክዎ አያውልቁት ብሎ ለመናት። ወፍ አልነበረችም፤ በምትኩ ሩቅ ሣር የሚያጭድ ማሽን ገብቷል፣ ሰምተው ተዉት። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ትርፏ ምት እስክትመጣ ድረስ እጆቿን አጣምራ እናቷን እያየች ነበር።

ባንዱ የመጀመሪያውን ቅጂ ከያለበት አነሣው። አልበሙ በአዲሱ ጭብጨባ ወጣ፣ ተወደደም። አንድ ጸሐፊ የድሮው ይሻል ነበር ብሎ በቁጭት ጻፈ፤ ሌላዋ ባንዱ በስቱዲዮ ገንዘብ እንደበሰለ ማረጋገጫው ይህ ነው አለች። አሁንም የደወለ የለም። እኔ ልጽፈው እንደምፈልግ ለእናትየዋ ነገርኳት። ጻፍ፣ ስም ግን አታንሣ አለች። ስለዚህ ስም የለም።

2022 ላይ ባንዱ አሜሪካን ሲዞር ኮለምበስም መጣ። ከሰዓት በኋላ መሣሪያቸውን ሲሞክሩ ለማየት ሄድኩ። እናትየዋ ልጇ የረሳችውን የኪቦርድ ማቆሚያ አምጥታ መኪናዋን ደጅ አቁማለች፤ ወደ ውስጥ አትገባም። ከበሮ መቺው ወጥቶ በመስኮቱ በኩል እጇን ጨበጣት። ዓመት ሙሉ ሲያስበው የኖረውን ጥያቄ በልጅቷ በኩል ጠየቃት፤ ትክክለኛው መጀመሪያ የቱ ጋ ነው?

«እሱ የሚጀምርበት ልክ አይደለም በይው» አለች። «ግን እንዳይነካው። ለምደነዋል።»

ማታ የተጫወቱትን ሰምቻለሁ። ሕዝቡ አብሮ ለማጨብጨብ ሞክሮ ቶሎ ጠፋበት።

ደንቡ አልተለወጠም። ልጅቷ ከጉዞ ስትመለስ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች፣ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። ኪቦርዱ እናቷ በሰፋችው ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። አንድ ሽማግሌ ሌላ ተጫዋች ይመደብ ብለው ሐሳብ ሲያቀርቡ እናትየዋ ለጊዜው ጭብጨባ ይበቃናል ብላ መለሰችላቸው፤ ይህን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ባለፈው እሑድ እሷን በር ላይ አድርሼ አልተመለስኩም፤ ገብቼ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። መዘምራኑ ያለ ኪቦርድ፣ በእጃቸው ብቻ ዘመሩ። ሁሉም ካቆሙ በኋላ ትርፏን ምት ጠበቅኳት። ሁለት ሆና መጣች፤ አንዷ ከመድረኩ፣ አንዷ ከኋላ ወንበር፣ እኩል።